የሥነ ልቦና ባለሙያ ለድርጅት መቅጠር፦ ከክፍሉ በር እስከ ፋይሉ ቁልፍ

የመጀመሪያዋን የሥነ ልቦና ባለሙያ ስንቀጥር ሁሉን ነገር አሟልተን የሠራን መስሎን ነበር። ማስታወቂያ አወጣን፣ ፈተና ሰጠን፣ ጎበዝ ልጅ አገኘን። በአምስተኛው ወር ለቀቀች።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከዓረብ አገር ተጎድተው ለተመለሱ እህቶች መጠለያ በከፈተ አንድ አገር በቀል ድርጅት የኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ኃላፊ ነበርኩ። የሰጠናት ክፍል ከፋይናንስ ቢሮ የሚለየው በኮምፔንሳቶ ነበር። ገንዘብ ያዥዋ ስልክ ስታወራ እዚያ ይሰማል። እዚያ የሚለቀሰውም ገንዘብ ያዥዋ ጋ ይሰማል። አንድ ቀን ከመጠለያው ልጆች አንዷ ለምሳ ተሰልፋ ሳለ፣ ለባለሙያዋ ብቻ የነገረችውን ጉዳይ ከአንዲት ሠራተኛ አፍ ሰማችው። ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ጠፋ።

ባለሙያዋ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋነው እኛ ነን። ሰው ቀጠርን እንጂ ሰው ያለ ፍርሃት የሚናገርበትን ቦታ አላዘጋጀንም። ከዚያ ወዲህ ለዚሁ ሥራ ሌሎች ሦስት ባለሙያዎችን ቀጥሬያለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አብዛኛው ሥራ ከማስታወቂያው በፊት ያለ ነው።

1. መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ወስኑ

ለተገልጋዮቻችሁ ነው ወይስ ለሠራተኞቻችሁ? "ለሁለቱም" የሚለው መልስ በጀት ቆጣቢ ይመስላል። ግን አይሠራም። ጠዋት የተገልጋይዋን ብሶት የሚሰማ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ የዚያችኑ ተገልጋይ ሶሻል ወርከር ብሶት ቢሰማ፣ ሁለቱም ስለ ሌላኛው ሲያወሩት ምን ሊያደርግ ነው?

ለሠራተኛ ከሆነ የምመክረው ከውጭ ባለሙያ ወይም ክሊኒክ ጋር ውል መግባት ነው። የሆዱን ያዋየውን ሰው በማግስቱ ሻይ ክበብ ውስጥ ማግኘት የሚፈልግ ሠራተኛ የለም። ክሊኒኩ በየወሩ ሒሳብ ሲልክ የቀጠሮ ብዛት ብቻ ይጻፍበት። ስም አይኑር። ሠራተኛው ቀጠሮ የሚይዘው ራሱ ደውሎ ይሁን እንጂ በኤችአር በኩል አይሁን።

ለተገልጋዮች ከሆነ ግማሽ ቀን መድቡና ከነርሷ፣ ከሶሻል ወርከሮቹ፣ ከወጥ ቤት ሠራተኛዋና ከሌሊት ጥበቃው ጋር ተቀመጡ። ጥበቃውን እንዳትረሱ። ማን እንደማይተኛ፣ ማን ሌሊት ግቢው ውስጥ እንደሚንቆራጠጥ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ ስንጠይቅ "ድብርት" ወይም "ጭንቀት" ያለን ሰው አልነበረም። የሰማነው "ራሴን ያቃጥለኛል ትላለች"፣ "ልቤን ይመታኛል ትላለች"፣ "ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች" የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ሁሉ ጻፉት። ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

2. የትኛውን ባለሙያ?

ብዙ ድርጅት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ቴራፒስት እንፈልጋለን" ብለን የለጠፍን ጊዜ ከመጡት ሲቪዎች ብዙዎቹ የፊዚዮቴራፒስት ነበሩ። ልክ ናቸው፣ እነሱም ቴራፒስት ናቸው። ስለዚህ ሙያውን በስሙ ጥሩት።

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ በአእምሮ ሕክምና የሰለጠነ ነው። መድኃኒት ያዛል። ሙሉ ጊዜ ለመቅጠር ውድ ነው፤ ለአብዛኛው ድርጅትም አስፈላጊ አይደለም። በሳምንት ግማሽ ቀን ቢመጣ ወይም ሪፈር የምታደርጉለት ቢኖር ይበቃል።

የሥነ አእምሮ ነርስ በአገራችን በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ጤና አገልግሎቱን ተሸክሞ የቆየ ባለሙያ ነው። ከባድ ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒት የሚከታተሉ ሰዎች ካሏችሁ እሱን አስቡ።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ነው። ችግሩን መርምሮ ይለያል፣ በንግግር ያክማል፣ መድኃኒት ግን አያዝም። የደረሰባት ነገር በሕልሟ እየመጣ የሚያስጮኻት ሴት ካለች የሚያስፈልጋት እሱ ነው። የምክር አገልግሎት ባለሙያ፣ በተለምዶ ካውንስለር የምንለው፣ ደግሞ ለሐዘን፣ ለቤተሰብ ጠብ፣ ኑሮን እንደገና ለመጀመር ለሚከብዳቸው ሰዎች ጥሩ ነው።

በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው ወጣትስ? ብዙ መሥሪያ ቤት "ሳይኮሎጂስት" ብሎ የሚቀጥረው እሱን ነው። ትምህርቱ ጥሩ መሠረት ነው። ግን ብቻውን ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሰው እንዲያክም አያበቃውም። ሰባት ዓመት የተደበደበችን ሴት ለሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አስረክቦ "አንተ ታውቃለህ" ማለት ሁለቱንም መጉዳት ነው። ከበላይ የሚከታተለው ልምድ ያለው ባለሙያ ካላችሁ ብቻ ቅጠሩት።

በጀቱ ጨርሶ ካልበቃ ሌላ መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ፕሮብለም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባል አሠራር የሙያው ተመራቂ ያልሆኑ ረዳቶች ሰልጥነው እንዲሰጡት የታሰበ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ፣ ለ5 ሳምንት ነው። ሶሻል ወርከሮቻችሁን አሰልጥናችሁ፣ አንድ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በትርፍ ሰዓት ቢከታተላቸው፣ አንድ ብቻውን የቀረ ጀማሪ ከመቅጠር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

3. ክፍሉንና ምስጢሩን አስተካክሉ

ክፍሉን ራሳችሁ ፈትኑት። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በተለመደ ድምፅ ያውራ። እናንተ በሩን ዘግታችሁ ውጭ ቁሙ። ቃል ከለያችሁ ክፍሉ አይሆንም። እኛ በኋላ ላይ ያገኘነው መፍትሔ ግቢው ጥግ ያለ የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አጸዳነው፣ መጋረጃ ሰቀልን፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ወንበሮች አስገባን። በሩ ላይ ጽሑፍ አልለጠፍንም። "የአእምሮ ሕክምና" የሚል ሰሌዳ ሥር አልፎ ለመግባት የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የምስጢር አጠባበቁን በአንድ ገጽ ጻፉ። ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ፣ ባለሙያው የሚሰማውን ለሥራ አስኪያጁም፣ ለቦርዱም፣ ለለጋሹም አይናገርም። ሁለተኛ፣ ይህ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች በግልጽ ይዘርዘሩ፦ ሰውየው ራሱን ሊያጠፋ ሲል፣ ሌላ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ ሲል፣ ሕፃን እየተጎዳ ሲሆን፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ። ሦስተኛ፣ ለአስተዳደሩ የሚቀርበው ቁጥር ብቻ ነው። በወሩ ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ቀጠሮ ተካሄደ፣ ስንቱ ሪፈር ተባለ። በቃ።

ይህን ገጽ ሥራ አስኪያጁ ከቅጥሩ በፊት ይፈርምበት። ለእያንዳንዷ ተገልጋይም በመጀመሪያው ቀጠሮ በአፍ ይነበብላት፤ ማንበብ የማትችል ትኖራለች። ሕጉም ከዚሁ ጋር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን፣ የአእምሮ ጤናን ጨምሮ፣ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ውስጥ ይቆጥረዋል። ለጋሽ "አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ ላኩልን" ሲል ከባለሙያው ፋይል የሚወጣ ታሪክ የለም። አለቀ።

4. ገንዘቡ

ባለሙያው ተገልጋዮችን የሚያገለግል ከሆነ ደመወዙን ከመጀመሪያው በፕሮጀክቱ ሥራ ሥር አስገቡት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ፕሮፖዛል ሲጻፍ ካልታሰበበት በኋላ ያስቸግራል።

ሰው የሚረሳው ሱፐርቪዥን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መከራ የሚሰማ ሰው እሱም የሚያዋየው ልምድ ያለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። በወር ሁለት ጊዜ፣ ከድርጅቱ ውጭ፣ ተከፍሎት የሚመራው ሰው ፈልጉለት። ይህ መስመር በጀቱ ላይ ከሌለ ቅጥሩን አዘግዩት እላለሁ። የቀጠሮውንም ብዛት ወስኑ። እያንዳንዱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ከወሰደ፣ በቀን ከአምስት በላይ አታስጭኑት። የቀረው ሰዓት ለማስታወሻ፣ ለስልክ፣ ለሪፈራልና ለመተንፈሻ ነው።

5. ማስታወቂያው

አጭርና እውነተኛ ይሁን። እኛ በሁለተኛው ዙር ያወጣነው ዋናው ክፍል እንዲህ ይል ነበር፦ "ከዓረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች የግልና የቡድን የምክር አገልግሎት የምትሰጥ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት እንፈልጋለን። በቀን ቢበዛ አምስት ቀጠሮ። የተለየ ክፍል አለ። በወር ሁለት ጊዜ ሱፐርቪዥን በድርጅቱ ወጪ።" በዚያ ዙር ያመለከቱት ካለፈው በጣም የተሻሉ ነበሩ። ጥሩ ባለሙያ "የተለየ ክፍል" እና "ሱፐርቪዥን" የሚሉትን ቃላት ፈልጎ ያነባል።

ሴት ባለሙያ የጠየቅነው የሥራው ባሕርይ ስለሚያስገድድ ነው፤ ምክንያቱንም ማስታወቂያው ላይ ጽፈናል። ቋንቋም ጻፉ። ከጅማና ከአርሲ የመጡ እህቶች ካሏችሁ አፋን ኦሮሞ የምትችል ሰው ያስፈልጋችኋል። በአስተርጓሚ የሚሰጥ ምክር በግድ ካልሆነ በቀር አይመከርም፤ አስተርጓሚው የአገሯ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትናገርም።

ኢትዮጆብስ ላይ፣ ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ላይ ለጥፉ። ከዚያ ባለፈ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉትን የትምህርት ክፍሎች አነጋግሩ። የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበርም አለ። በስልክ የተጠቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

6. ማስረጃ ማጣራት

ኦሪጅናል ዲግሪውን እዩ። ጥርጣሬ ካለ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወይም ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አረጋግጡ። ሐኪምና ነርስ ከሆነ ጊዜው ያላለፈበት የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስትም ፈቃድ ካለው ሰጪው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ተመልከቱ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ክሊራንስ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል የፖሊስ ማስረጃ። ይህ የመጨረሻው በመጠለያና በሕፃናት ዙሪያ ለሚሠራ ድርጅት የግድ ነው።

7. ቃለ መጠይቁ

የሙያው ሰው ሳይኖር አትፈትኑ። እኔ ስለ ሕግና ስለ ደመወዝ አውቃለሁ። አንድ ሰው በትክክል ያክም አያክም መመዘን ግን አልችልም። ልምድ ያለው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ወይም ሳይካትሪስት ለአንድ ቀን አበል ከፍላችሁ ጋብዙ።

ከጥያቄ በላይ የሚጠቅመው ማስመሰል ነው። ከፈታኞቹ አንዷ ከሪያድ የተመለሰች የ22 ዓመት ልጅ ትሆናለች። ለሚጠየቀው ሁሉ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ትላለች። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶ ተመልካቹ ዝም ይላል። አንደኛው ተፈታኝ ገና በሁለተኛው ደቂቃ "ጠንካራ መሆን አለብሽ፣ ያለፈውን እርሺው" ብሎ ምክር ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው አላቆመም። ሌላዋ ወንበሯን ትንሽ ወደ ጎን አዞረች፣ ፊት ለፊት እንዳትሆን። "ዛሬ ባታወሪኝም ችግር የለም። ውኃ ላምጣልሽ?" አለቻት። ከዚያ ዝም ብላ አብራት ተቀመጠች። ዝምታው ረዥም ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ መረጋጋት አቅቶኝ ነበር፤ እሷ ግን አልተጨነቀችም። ያለ ክርክር የቀጠርናት እሷን ነው።

ከዚያ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ፤ ፈጽሞ አትዝለሏቸው።

ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛም ይሠራበታል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ነው። "ተገልጋይዋ እዚያ ላይ 'በየቀኑ ማለት ይቻላል' ብላ ብትመልስስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በቀጥታ እንደሚጠይቃት፣ ዕቅድና መንገድ እንዳላት እንደሚያጣራ፣ ብቻዋን እንደማይተዋት፣ ማንን እንደሚጠራ በቅደም ተከተል ይነግራችኋል። "ሐሳቡን እንዳላስታውሳት አልጠይቃትም" የሚል ሰው ያስፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም።

"አዲስ የገባችን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምን ታደርጋለህ?" የሆነውን ሁሉ እንድትናገር አደርጋታለሁ ካለ ተጠንቀቁ። ገና በቅርቡ ክፉ ነገር የደረሰባትን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉን እንድትዘከዝክ ማድረግን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። የምትጠብቁት መልስ ቀለል ያለ ነው፦ ደኅንነቷን ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚያስፈልጋት ነገርና ከቤተሰቧ ጋር ማገናኘት።

"መድኃኒቱን ትቼ ጸበል እገባለሁ ብትልስ? ወይም ሩቅያ (ቁርአን እየተቀራ የሚደረግ ፈውስ) ይደረግልኝ ብትል?" ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል። እምነቷን የሚያናንቅ ሰው ተገልጋይ አያገኝም። "ልክ ናት፣ መድኃኒቱን ትተወው" የሚልም አደገኛ ነው። የምፈልገው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራ እንድታስኬድ፣ ሐኪሟን ሳታማክር እንዳታቋርጥ በአክብሮት የሚያግባባትን ነው።

በመጨረሻ እኔ ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ። "ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንደዚያ የምታለቅሰው? ለእኔ መናገር ምንም የለውም፣ ኃላፊ ነኝ" እላለሁ። ትሕትና ባለው ግን በማያወላውል ቃል እምቢ የሚለኝን እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣ ሰው፣ ችሎታውን ሊያሳየን ብሎ ቀድሞ ከሠራበት ቦታ የአንዲት ተገልጋይን ስም፣ ሰፈርና የደረሰባትን ነገር ሁሉ ነገረን። አልቀጠርነውም። ነገ የእኛንም ለሌላ ፈታኝ ይነግራል።

8. ውሉ

ቀደም ብሎ የሠራበትን ቦታ ደውላችሁ ጠይቁ። "ጸባዩ እንዴት ነው?" ከማለት "እህታችሁን ትልኩለት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ዝምታ አዳምጡ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ከተለመደው ውል በተጨማሪ እነዚህን ጻፉ፦ የምስጢር ገጹ የውሉ አካል መሆኑን፣ የቀጠሮውን ጣሪያ፣ ሱፐርቪዥኑን፣ ከተገልጋይ ጋር የገንዘብም ሆነ የፍቅር ግንኙነት መከልከሉን፣ ተገልጋይን ወደ ግል ክሊኒክ መውሰድ እንደማይቻል።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሰኞ ገብታ ሰኞ ቀጠሮ አትጀምር። የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳ አብራ ትብላ፣ ቡና አብራ ትጠጣ፣ ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሁሉም ትንገር። ሪፈር የሚደረግባቸውን ቦታዎች በአካል ሄዳ ታውቃቸው፦ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ። ካርድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን ጋ እንደሚደወል ቀድማ ካላወቀች በችግር ሰዓት አይሆንም።

የሌሊቱንም ዕቅድ ጻፉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዷ ራሷን ልትጎዳ ብትል ጥበቃው ለማን ይደውላል? ሾፌሩ የት ነው? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ግድግዳው ላይ ተጽፏል? ባለሙያዋን ብቻዋን የሃያ አራት ሰዓት ተጠሪ አታድርጓት፤ በሦስት ወር ታልቃለች።

ሥራዋን ስትገመግሙ ፋይል አትክፈቱ። አንድ ጊዜ የመጣች ሰው ለሁለተኛ ቀጠሮ ትመለሳለች? ሱፐርቫይዘሩ ምን ይላል? ተገልጋዮቹ ስም ሳይጽፉ ሲጠየቁ ምን ይመልሳሉ? ይህ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚመጣው ሰው ጥቂት ቢሆን አትደንግጡ። እስኪያምኗት ነው።

አንድ ቀን ትለቃለች። በሕጉ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ትሰጣለች፤ ያን ወር አዲስ ሰው እንዳትቀበል አድርጉ። ለነበሯት ሰዎች መሰናበቻ ይሁን። ሳትሰናበት የጠፋች ባለሙያ፣ ለብዙዎቹ ከዚህ በፊት ጥሏቸው እንደሄደው ሰው ትሆንባቸዋለች።

የፋይል ካቢኔቱን ቁልፍ ማን እንደሚረከብም ከአሁኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያዋ ባለሙያችን ስትሄድ ቁልፉን እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር ያስቀመጠችው፤ ሌላ የምትሰጠው ሰው አልነበራትም። ሁለት ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ። አልከፈትኩትም። ግን መክፈት እችል ነበር፤ ሴቶቹም ያንን ያውቁ ነበር። አሁን ቁልፉ በታሸገ ፖስታ፣ በፊርማ፣ ለውጭው ሱፐርቫይዘር ይሰጣል። እሱ ደግሞ ለተተኪዋ ያስረክባል። በኤችአር ቢሮ በኩል አያልፍም።